«አንድነት» እና «ራቢጣ»፦ በአማርኛ ምን እንበላቸው?

ሰንሰል፦ እንግሊዞች ኤርትራን ሲያስተዳድሩ ስለተቋቋሙት ፓርቲዎች እየጻፍኩ ነው። ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ገና ከመጀመሪያው ስማቸው አስቸገረኝ። መጻሕፍት «የኅብረት ፓርቲ» (ከኢትዮጵያ ጋር እንዋሃድ ባዩ)፣ «ሙስሊም ሊግ»፣ «ሊበራል ፕሮግረሲቭ» ይላሉ። ሰዉ ግን «አንድነት» እና «ራቢጣ» ነው የሚለው። የትኛውን ልጠቀም? እኔ ሰው በጠራቸው ይጠሩ ባይ ነኝ።

ቀይ ብዕር፦ አልስማማም። ቅጽል ስም የሚወጣው ከባላንጣ አፍ ነው። መዝገብ ላይ ባለው ስም ጻፍና ተገላገል።

ከጅዳ፦ ወንድሜ ቀይ ብዕር፣ «ራቢጣ» ቅጽል ስም አይደለም እኮ። በዲሴምበር 1946 ከረን ላይ ሲመሠረቱ ራሳቸውን የጠሩት «አል ራቢጣ አል ኢስላሚያ» ብለው ነው። ጋዜጣቸውም «ሳውት አል ራቢጣ» ነበር። «ሊግ» የፈረንጅ ትርጉም ነው። እናቴ ዛሬም «ራቢጣ» ነው የምትለው። «ሙስሊም ሊግ» ብትሏት የየት አገር ነው ብላ ትጠይቃችኋለች።

ቀይ ብዕር፦ እሺ፣ በራቢጣ ተረታሁ። በ«አንድነት» ግን አልለቅም።

የመረብ ማዶ፦ ባትለቅ ጥሩ ነው፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው። በ1941 የተቋቋመው፣ በኋላ የኅብረት ፓርቲ የሆነው ማኅበር ስሙ በትግርኛ «ማሕበር ፍቕሪ ሃገር» ነበር። አማርኛ ተናጋሪ ሲሰማው አዲስ አበባ ያለው ቴአትር ቤት ትዝ ይለዋል። የትኛው «ሃገር» ነው? ኤርትራ ወይስ ኢትዮጵያ? ስሙ አይናገርም። መጀመሪያ ላይ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ በኋላ የተለያዩትም ሁሉ የተጠለሉት በዚህ ብዥታ ውስጥ ነው። በኖቬምበር 1946 አስመራ ቤተ ጊዮርጊስ ላይ ተሰብስበው ወገኖቹን ሊያስታርቁ ሞከሩ፣ አልሆነም። ከዚያ በኋላ ሁሉም የየራሱን ፓርቲ ይዞ ወጣ።

አሁን ወደ ኅብረት ፓርቲ የወጣቶች ክንፍ ኑ። በትግርኛ አንድነት «ሓድነት» ነው። ልጆቹ ግን ስማቸውን «አንድነት» አሉት፣ በአማርኛ! አስመራ ላይ ያ ቃል ገና ከአፍ ሲወጣ የት እንደቆምክ ይናገራል። በአማርኛ ስትጽፈው ግን ያ ሁሉ ይጠፋል፤ ተራ ቃል ይሆናል። ባስ ካለ ደግሞ አንባቢህ በ2008 የተቋቋመው የአዲስ አበባው አንድነት ፓርቲ ይመስለዋል። ሌሎቹ በባዕድ ቃል ሲጠሩ አንዱ ብቻ በአንባቢው ቋንቋ ከተጠራ፣ ሚዛኑ ገና ሳትጀምር ወደ እሱ ያጋድላል።

ሰንሰል፦ ይሄን አላሰብኩትም። እውነትም «ኤርትራ ንኤርትራውያን»ን ስተረጉም ትንሽ ይቀዘቅዝብኛል። የ1947ቱ የራስ ተሰማ አስበሮም ፓርቲ፣ የሊበራል ፕሮግረሲቭ፣ መፈክር ነው። ሰዉ ፓርቲውን በዚያ መፈክር ይጠራው ነበርና እንዳለ ልተወው።

የመረብ ማዶ፦ ተወው። አማርኛ አንባቢ «ን»ን አይቶ ግራ አይጋባም።

ዘጠኝ ሞት፦ እኔ ግን ስድብም ቢሆን ምን አለበት እላለሁ። የእንግሊዞቹን «ቶሪ» እና «ዊግ» ተመልከቱ። «ቶሪ» ከአየርላንድ የመጣ ቃል ነው፤ መሬቱን የተነጠቀ፣ ጫካ የገባ ወንበዴ ማለት ነበር። በኛ አፍ ሽፍታ። «ዊግ» ደግሞ ከስኮትላንድ ገጠር የመጣ ስድብ ነው። በ1680 አካባቢ ሁለቱ ወገኖች በነዚህ ተሰዳደቡ፤ ቆይተው ግን ተቀበሏቸው። አሜሪካኖችም ለነጻነት ሲነሡ ራሳቸውን ዊግ፣ የንጉሡን ደጋፊ ቶሪ አሉት። ዛሬ የለንደን ጋዜጣ ወግ አጥባቂውን ቶሪ ሲለው የሚከፋ የለም።

ከጅዳ፦ ወንድሜ፣ ያ ሦስት መቶ ዓመት አልፎታል። የኛ ገና ትኩስ ነው። የራቢጣው መሪ አብዱልቃድር ከቢሬ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ሊሄድ ሲሰናዳ በማርች 1949 አስመራ ላይ ተተኩሶበት ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት የካቲት ከተማዋ በክርስቲያንና በሙስሊም ተከፍላ ተጋደለች። የነጻነት ደጋፊው ጋዜጠኛ ወልደአብ ወልደማርያም ስንት ጊዜ ከሞት እንዳመለጠ ታውቃለህ። እነዚህን ቃላት ሲሰማ የሚደነግጥ ሽማግሌ ዛሬም አለ።

ዘጠኝ ሞት፦ እቀበላለሁ። ንጽጽሬ ቀለል ያለ ነበር።

ቀይ ብዕር፦ አስቂኙ ነገር፣ «ራቢጣ» በዐረብኛ ማሰሪያ፣ ማስተሳሰሪያ ነው አይደል? «አንድነት»ም ያው ነው። ሁለቱም «እንተሳሰር» እያሉ ነው የተጣሉት።

ከጅዳ፦ ከማን ጋር ነው ጥያቄው 😄

ሰንሰል፦ እሺ፣ ወሰንኩ። ሁሉንም ራሳቸውን በጠሩበት ስም፣ በራሳቸው ቋንቋ እጽፋለሁ፦ «ማሕበር ፍቕሪ ሃገር»፣ «አል ራቢጣ»፣ «ኤርትራ ንኤርትራውያን»። ጡረታ ይከፈለን ይሉ የነበሩት የቀድሞ ዓስከሮች (የጣልያን ቅኝ ወታደሮች) የተሰባሰቡበት «ፕሮ ኢታሊያ»ም እንዳለ ይግባ። «አንድነት»ን በትእምርተ ጥቅስ አስገብቼ፣ ቃሉ እዚያ እንግዳ እንደነበር አንድ ዐረፍተ ነገር እጨምራለሁ።

የመረብ ማዶ፦ ደህና። ኅብረትን ደግፈው ጫካ የገቡትንስ? እንግሊዞቹ መዝገብ ላይ «ሽፍታ» ብለዋቸዋል። ራሳቸውን ግን እንዲያ ብለው አልጠሩም።

ሰንሰል፦ ኧረ በእናትህ፣ ገና ምዕራፍ አንድ ላይ ነኝ።