ከሪያድ የሚላከውና ከሜሪላንድ የሚላከው፦ የሁለቱን ስደተኞች ኑሮ በምን እንመዝነው?

መምህር፣ ከፍኖተ ሰላም፦

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ፍኖተ ሰላም ሲሆን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። የማቀርበው ጥያቄ ከክፍሌም ከቤቴም የመጣ ነው። የእኅቴ ልጅ ሪያድ ውስጥ በቤት ሠራተኝነት ከተቀጠረች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ የወንድሜ ልጅ ደግሞ ዲቪ ደርሶት ሜሪላንድ ከገባ ሰባተኛ ዓመቱን ይዟል። ልጅቱ ባለ ሦስት ክፍል ቤት አሠርታ እናቷን ከኪራይ አውጥታለች፤ ቆርቆሮው ከዋናው መንገድ ላይ ሆኖ ይታያል፣ የብረት በሩም ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። ልጁ ግን ለፋሲካና ለዘመን መለወጫ ከ100 እስከ 200 ዶላር ይልካል፣ የታናሽ እኅቱን የኮሌጅ ክፍያ ይሸፍናል፣ ከዚያ ያለፈ የሚታይ ነገር የለም። በዚህም ምክንያት ወንድሜ «አሜሪካ ገብቶ ረሳን» እያለ ልጁን ተቀይሞታል፤ ስልክ ሲደወልም የሚያነሣው እያመነታ ነው።

ባለፈው ሳምንት ስለ ነፍስ ወከፍ ገቢ ሳስተምር ተማሪዎቼን «በሳዑዲ ያሉት ወገኖቻችን ናቸው ወይስ በአሜሪካ ያሉት የተሻለ የሚኖሩት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አብዛኞቹ ያለ ማመንታት «የሳዑዲዎቹ» አሉ፤ ማስረጃቸውም በየሰፈራቸው የተሠራው ቤት ነበር። አንዲት ተማሪ ብቻ «የተላከውን እንጂ የተረፈውን አላየንም» አለችኝ፤ እውነቱን ለመናገር ለእርሷ የሚመጥን መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ የሁለት ስደተኛ ማኅበረሰቦችን የኑሮ ደረጃ በትክክል ለማወዳደር መነሻው ምን መሆን አለበት? ደመወዙ ነው? ለቤተሰብ የሚላከው ነው? ወይስ ሌላ የማናየው ነገር አለ? ከሁለቱም አገር የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ ለተማሪዎቼም ለወንድሜም የምነግረው ይኖረኛል።

*

የደንበጫ ልጅ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦

መምህር፣ ጥያቄዎ ልቤን ነክቶታል፤ እኔም ከአባቴ ጋር በዚሁ ጉዳይ ለሁለት ዓመት ያህል ተኳርፌ ነበርና። ሒሳቡን እንዳለ ላስቀምጥልዎ።

በሜሪላንድ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ 15 ዶላር ነው። በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው በወር 2,600 ዶላር ያገኛል። ከዚህ ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለጡረታ) እና ለሜዲኬር (ለአረጋውያን ሕክምና) 7.65 በመቶ፣ ማለትም 199 ዶላር ይቆረጣል፤ የፌደራል፣ የስቴትና የካውንቲ ግብር ሲታከልበት ላጤ የሆነ ሰው እጁ ላይ የሚቀረው ወደ 2,100 ዶላር ገደማ ነው። እኔ በዚህ ደመወዝ ስሠራ ቤዝመንት (ምድር ቤት) ውስጥ ላለች አንዲት ክፍል 850 ዶላር እከፍል ነበር። ክፍሏ አንዲት ጠባብ መስኮት ነበረቻት፤ በእርሷም የሚታየው የመኪና ጎማ ብቻ ነበር። ሥራዬ አውቶቡስ ከማይደርስበት ቦታ ስለነበረ መኪና ግድ ሆነብኝ፤ የመኪናው ዕዳ፣ ኢንሹራንሱና ነዳጁ ተደምሮ 550 ዶላር ይወስዳል። ለምግብ፣ ለስልክና ለልብስ 400 ዶላር ይወጣል። የሚተርፈው 300 ዶላር ነው፤ እርሱም ሳልታመም፣ መኪናዬም ሳይበላሽ ከቆየ ነው።

አሁን የእኅትዎን ልጅ ይውሰዱ። የወር ደመወዟ 1,000 ሪያል ነው ብንል፣ ሪያል ከዶላር ጋር በ3.75 ተመን የታሰረ በመሆኑ 267 ዶላር ማለት ነው። የምታድረውና የምትበላው አሠሪዎቿ ቤት ነው፤ የገቢ ግብርም አትከፍልም። ስለዚህ ደመወዜ ከእርሷ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ሆኖ ሳለ፣ በወሩ መጨረሻ ለቤተሰብ ልንልክ የምንችለው ገንዘብ እኩል ለእኩል ሊሆን ይችላል። አባቴ የሚያየው ይህን መጨረሻውን ቁጥር ብቻ ነበር።

ነገር ግን እዚህ ላይ ቆመን «ኑሯቸው እኩል ነው» ብንል ትልቅ ስሕተት እንሠራለን። ከደመወዜ የተቆረጠው 199 ዶላር ጠፍቶ አልቀረም፤ አሥር ዓመት ሠርቼ 40 ክሬዲት (የሥራ ዘመን ነጥብ) ስሞላ የጡረታ መብት ይሰጠኛል። ግሪን ካርድ ይዤ አምስት ዓመት ከኖርኩ በኋላ ዜግነት መጠየቅ እችላለሁ፤ ዜግነት ካገኘሁም እናቴን ማምጣት እችላለሁ። አሠሪዬ ቢከፋብኝ ጥዬው ሄጄ በማግሥቱ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ። እነዚህ ነገሮች በሃዋላ የሚላኩ አይደሉምና ከፍኖተ ሰላም ሆኖ ማየት አይቻልም።

*

ተመላሽ፣ ከብቸና፦

ወንድሜ የደንበጫው ልጅ ያስቀመጠው ሒሳብ ትክክል ነው፤ ነገር ግን በሳዑዲው በኩል የሚጎድለው ነገር አለ። እኔ ጅዳ ሠርቼ በኅዳር 2006 ዓ.ም. ከተመለሱት አንዷ ነኝ። በዚያን ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተመልሰዋል።

አንደኛ፣ ደመወዝ በወር ብቻ አይለካም። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ ልጆች ለትምህርት ቤት አዘጋጃለሁ፤ የምተኛው ማዳም እንግዶቿን ሸኝታ ሳህኑ ታጥቦ ሲያልቅ ነው። በቀን 14 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ቢታሰብ 364 ሰዓት ይሆናል። 267 ዶላር ለዚህ ሲካፈል በሰዓት 75 ሴንት እንኳ አይሞላም። የእኛ ገንዘብ ብዙ የሚመስለው የምናወጣበት ጊዜም ቦታም ስለሌለን ነው። ከቤት አትወጪም፣ ሻይ ቡና የለም፣ ልብሱም የማዳም አሮጌ ነው። ይህን «ቁጠባ» ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

ሁለተኛ፣ የተባለው ደመወዝ ሁሉ አይከፈልም። የመጨረሻዋ አሠሪዬ የሰባት ወር ደመወዜን «ስትሄጂ እሰጥሻለሁ» ብላ እንደያዘችብኝ ነው የወጣሁት። ኢቃማዬ (የመኖሪያ ፈቃዴ) በካፊሉ (በሕግ ኃላፊ በሆነው አሠሪ) እጅ ስለነበረ የምከስበት ቦታም አልነበረኝም። ስሄድ ደግሞ አባቴ ለደላላ የከፈለው ሁለት በሬ ሸጦ ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት ልፋቴ ያንን መልሶ ለመግዛት ዋለ።

ሦስተኛውን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ መምህር ግን ሊያስቡበት ስለሚገባ እጽፈዋለሁ። ለአራት ዓመት የላክሁት ገንዘብ ቤት ሆኗል፤ ይሁንና ቦታው የተመራው በታላቅ ወንድሜ ስም ነበር። ስመለስ ወንድሜ አግብቶ ልጆች ወልዶበት አገኘሁት። ክፉ ሰው አይደለም፣ አንድ ክፍል ለቀቀልኝ። በሰፈሩ ዓይን ግን ያ ቤት ዛሬም «የሳዑዲ ገንዘብ» ነው፤ እኔ ደግሞ በገዛ ገንዘቤ በተሠራ ቤት ውስጥ ጥገኛ ነኝ። ተማሪዎችዎ ቤቶችን ሲቆጥሩ ባለቤቱ ማን እንደሆነም ይጠይቁ። ደግሞም ቤት ያልሠሩት፣ ታመው የተመለሱት፣ ሲመለሱም በሌሊት መኪና የገቡት በዚያ ቆጠራ ውስጥ የሉም፤ እኛ አደባባይ አንታይምና።

*

ነጋዴ፣ ከሞጣ፦

የእኅታችን ሐዘን ይገባኛል፤ ይሁን እንጂ ቤተሰቡ የሚያገኘውን ጥቅም ማቃለል የለብንም። ለመምህሩ እኅት ከኪራይ መውጣት እውነተኛ የኑሮ ለውጥ ነው። እኔ ሲሚንቶና ቆርቆሮ እሸጣለሁ፤ ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ከአረብ አገር በተላከ ገንዘብ የሚገዙ እናቶች ናቸው፤ ያ ገንዘብ ባይኖር ዛሬም በኪራይና በሣር ቤት ነበሩ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ቤቱ በየትኛው ዓመት እንደተሠራ ሳታውቁ አታወዳድሩ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ የገባ 200 ዶላር ወደ 11,400 ብር ነበር፤ የብሩ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በወራት ውስጥ ከ20 ሺህ ብር አልፏል። በጥቁር ገበያ ይመጣ የነበረው ግን ቀድሞም አንዱ ዶላር ከ100 ብር በላይ ይመነዘር ስለነበር ለውጡ ያን ያህል አልተሰማውም። የቆርቆሮውና የሚስማሩ ዋጋም አብሮ ወጥቷል። ስለዚህ «እርሷ ቤት ሠራች፣ እርሱ አልሠራም» ከማለት በፊት የተላከው በስንት ተመንዝሮ፣ ዕቃው በስንት ተገዝቶ እንደሆነ መታወቅ አለበት።

*

የስታቲስቲክስ ባለሙያ፣ ከደብረ ማርቆስ፦

የተከበሩ መምህር፣ ከላይ የተጻፉት ምስክርነቶች ዋናውን ነገር ስለነኩት አላራዝመውም፤ ለክፍልዎ የሚሆን አንድ ነጥብ ላይ ብቻ እቆያለሁ። ሁለቱ ማኅበረሰቦች ገና ከዚህ ሳይነሡ የተለያዩ ናቸው። በዲቪ የሚሄድ ሰው ቢያንስ 12ኛ ክፍል ያጠናቀቀ ወይም ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ ሁለት ዓመት የሠራ መሆን አለበት፤ ለቪዛው ማመልከቻም 330 ዶላር ይከፍላል፣ ለሕክምና ምርመራና ለአውሮፕላን ትኬትም ያዘጋጃል። ወደ ሳዑዲ የሚሄዱት ግን አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ትምህርታቸውን አቋርጠው የሄዱ ናቸው። እንግዲህ የአሜሪካው ገቢ ከፍ ቢል አገሩ ያመጣው ነው ወይስ የሄደው ሰው ይዞት የሄደው? ይህን ለመለየት በዕድሜና በትምህርት የሚመሳሰሉ ሰዎችን ከሁለቱም ወገን ማወዳደር ያስፈልጋል። የእርስዎ ሁለት ልጆች ትምህርታቸው ምን ያህል ነበር?

የቆይታ ዘመንም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ ካሉት መካከል እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣውን የስደተኞች ሕግ ተከትለው በደርግ ዘመን የገቡና ዛሬ የቤት ዕዳቸውን ከፍለው የጨረሱ አሉ። እነርሱን ከትናንት የዲቪ ተጓዥ ጋር ቀላቅሎ አማካይ ማውጣት ሁለቱንም የማይገልጽ ቁጥር ይሰጣል። ከአሥር ሰዎች ዘጠኙ በወር 2,000፣ አንዱ 30,000 ዶላር ቢያገኙ አማካዩ 4,800 ይሆናል፤ ይሁንና 4,800 የሚያገኝ ሰው በመካከላቸው የለም። ስለዚህ ገቢያቸውን በቅደም ተከተል ደርድረው መሐል ላይ የሚገኘውን እንዲወስዱ ተማሪዎችዎን ያለማምዷቸው።

ነጋዴው ወንድማችን የተናገረውን እቀበላለሁ፤ ግን እርሱ የመለሰው ሌላ ጥያቄ ነው። «የላኪው ኑሮ ምን ይመስላል?» እና «የተቀባዩ ኑሮ ምን ያህል ተሻሻለ?» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ በአገራችን ሁልጊዜ እንደ አንድ ሆነው ይጠየቃሉ፤ የወንድምዎ ቅሬታም ከዚሁ የመነጨ ይመስለኛል።

*

መምህር፣ ከፍኖተ ሰላም፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለተጠየቅሁት ለመመለስ፣ የእኅቴ ልጅ ከ8ኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው፤ የወንድሜ ልጅ ግን ዲፕሎማ ነበረው። ይህን እያወቅሁ በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጫቸው ነበር።

የሲልቨር ስፕሪንጉን ሒሳብ በወረቀት ጽፌ ወንድሜ ዘንድ ወሰድሁት። መስመር በመስመር አነበብሁለት። ቤዝመንቱ ላይ ስንደርስ አስቆመኝና «ምድር ውስጥ ነው የሚተኛው?» አለኝ። የእርሱ ልጅ እንዴት ባለ ክፍል እንደሚኖር አላውቅም ነበርና «ጠይቀው» አልሁት። ማታውኑ ደወለለት፤ ስለ ገንዘብ ሳይሆን ስለ ክፍሉ ጠየቀው።

የብቸናዋ እኅቴ፣ የጻፍሽውን ካነበብሁ በኋላ እኅቴ ቤት ሄጄ የይዞታ ማረጋገጫውን አየሁት። በልጅቱ ስም አይደለም፤ በእንጀራ አባቷ ስም ነው። ሰውየው ቀና ሰው ነው፣ ስናነጋግረውም ወደ ልጅቱ ስም ለማዛወር አልተቃወመም፤ እርሷ ግን እስከሚቀጥለው ዓመት የዕረፍት ፈቃድ የላትም። ሳትመጣ በውክልና ማስጨረስ የሚቻል ከሆነ የምታውቁ ንገሩኝ።

*

ተመላሽ፣ ከብቸና፦

ይቻላል፣ መምህር። ሪያድ ኤምባሲ ቀርባ ውክልናውን ትፈርም፤ ለእርስዎ ወይም ለእናቷ ልትሰጥ ትችላለች። ወረቀቱ እዚህ ሲደርስ መጀመሪያ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ በሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። «ቤት በስሜ እንዲዛወርና እንዲመዘገብ» የሚለው ቃል በግልጽ ይጻፍበት፤ ጠቅላላ ውክልና ብቻ ከሆነ ማዘጋጃ ቤት ሊመልስባችሁ ይችላል። ኤምባሲ የምትሄደው በሥራ ቀን ስለሆነ ማዳሟ እንድትለቃት አስቀድማ ትንገራት፤ እንዲሁም የፓስፖርቷን ቅጂ ዛሬውኑ በስልክ ትላክላችሁ።