ታካሚዋ ካልተጎዳች ስህተቱ ይነገራት? የባሕር ዳር ነርሶችና አዋላጆች ክርክር

(ተከራካሪዎቹ የተጠሩት በአካባቢያቸው ስም ነው።)

ጥያቄው፦ ከባድ የእርግዝና ደም ግፊት ያለባት እናት እንበል። በየ4 ሰዓቱ በጡንቻ የምትወጋው 5 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌት (ከደም ግፊቱ የሚመጣ መንቀጥቀጥን የሚከላከል መድኃኒት) በተረኛ ርክክብ ሰዓት ሁለቴ ተሰጣት፤ አንዷ ሰጥታ ሳትፈርም ወጣች፣ ሌላዋ ቅጹ ባዶ ስለሆነ ደገመች። እናቲቱ ደህና ናት። ይነገራት ወይስ ለክፍሉ ኃላፊ ሪፖርት ማድረጉ ይበቃል?

አባይ ማዶ፦ ሪፖርቱ ይበቃል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543፣ በቸልተኝነት ሰው የገደለ እንደ ሐኪም ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሲሆን፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ ያስከትልበታል። ሞት የለም ትሉኛላችሁ። ነገ ሌላ ችግር ቢመጣስ? ዛሬ የተባለው «ይቅርታ» ነው ቀድሞ የሚቀርበው። በቃሏ እንደማትከሰስ ለነርሷ ማን ይፈርምላታል?

ሽምብጥ (አዋላጅ)፦ ወንድሜ፣ «ደህና ናት» ያልከው መርፌው በገባ በስንት ደቂቃው ነው? በጡንቻ የተወጋ ማግኒዥየም ደም ውስጥ ጣሪያው ላይ ለመድረስ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። በሃያኛው ደቂቃ ደህና የሆነች እናት በዘጠናኛው ላትሆን ትችላለች። ቀድሞ የሚጠፋው የጉልበት ሪፍሌክስ (ጉልበት ሲመታ እግር በራሱ የሚወረወርበት ምላሽ) ነው፣ ትንፋሽ ይከተላል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ጉልበቷን ልንመታ፣ ትንፋሽ ልንቆጥር፣ ሽንቷን ልንለካ ነው። ይህን ሁሉ ስናደርግ «ምን ሆንኩ?» ብላ ትጠይቃለች፤ ምን ልትመልስላት ነው? ምላስ ሲከብዳት፣ ስትዝልና እንቅልፍ ሲጥላት ቀድሞ የሚያየው አጠገቧ ያለው አስታማሚ ነው። ያልተነገረው አስታማሚ ግን «ተመስገን፣ ተኛችልኝ» ይላል። ለታካሚ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልን የምንተርተው እኛው ነን።

ግሽ ዓባይ (ፋርማሲ)፦ ከመናገሩ በፊት የሚቀድም አለ። ቀጣዩ መጠን ለጊዜው ይቆይ፤ ትንፋሽ በደቂቃ ከ16 ካነሰ፣ ሪፍሌክስ ከጠፋ ወይም ሽንት በሰዓት ከ30 ሚሊ ከወረደ አይሰጥም። ማርከሻው፣ ባለ10 ፐርሰንት ካልሲየም ግሉኮኔት 10 ሚሊ፣ አልጋዋ አጠገብ ይቀመጥ፣ ትንፋሿ ቢደክም ቀስ ተብሎ በደም ሥር ይሰጣል። ቁልፍ ካቢኔ ውስጥ ያለ ማርከሻ የለም ማለት ነው። ሌላው ወጥመድ መቀላቀሉ ነው፦ የመጀመሪያውን 4 ግራም በደም ሥር ለመስጠት ከባለ50 ፐርሰንቱ ማግኒዥየም 8 ሚሊ ተወስዶ 12 ሚሊ ውኃ ይጨመርበታል። ሳይቀጥን የገባ ቀን ክርክሩ ሌላ ነው። ለታካሚ ተናግሮ ሳይፈርሙ የመውጣቱን ልማድ እንዳለ መተው፣ ለእኔ ግልጽነት አይባልም።

አባይ ማዶ፦ እሺ፣ ይነገር። ግን ሐኪሙ ይናገር። ነርስ ፊት ለፊት ቆማ ለምን ትወቀሳለች?

ዘጌ፦ ሐኪሙና ነርሷ አብረው ይግቡ። መጀመሪያ ለራሷ ለእናቲቱ ይነገር፣ ኮሪደር ላይ ለቆመው አጎት አይደለም። ከአዊ የመጣች አገውኛ ብቻ የምትናገር ከሆነች አስተርጓሚው ባለሙያ ይሁን፣ ልጇን አስተርጓሚ አታድርጉ። የሚባለው አጭር ነው፦ መድኃኒቱ ሁለት ጊዜ ተሰጥቶሻል፣ ይቅርታ፣ ይህን እየተከታተልን ነው፣ ይህ ከተሰማሽ ጥሪን፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሰን እንነግርሻለን። የባልደረባ ስም አይጠራ፣ «ትንሽ ነገር ናት» አይባል። ደግሞ ከመውጣቷ በፊት ይሁን፤ ጀልባ ተሳፍራ ደቅ ደሴት ከገባች በኋላ ስልክ ላይ መፈለግ ከንቱ ነው።

አባይ ማዶ፦ ቻርቱ (የሕክምና ካርዷ) ላይስ ይጻፍ ወይ? እዚያ ላይ አልስማማም።

ሽምብጥ፦ ቻርቱ ላይ እውነታው ብቻ፦ ሁለቱም መጠኖች ከነሰዓታቸው፣ የተለካው፣ ለማን እንደተነገረ። ጥፋተኛ ማን ነው የሚለው ለክስተት ሪፖርቱ ይተው፣ እሱም ከካርዷ ጋር አይያያዝ። የተሳሳተ ጽሑፍ በአንድ መስመር ይሰረዝ፣ ፊርማና ሰዓት ይደረግበት። በነጭ ቀለም የተሸፈነ ቅጽ ፍርድ ቤት ከይቅርታ ይልቅ የሚጠራጠረው ነው።

አባይ ማዶ፦ ነጭ ቀለሙን ተውኩት። የፊርማ ዋስትናዬን ግን ማንም አልመለሰልኝም።