«ኤስፔራንሳን ያወቀ፣ ሌላው ጌጥ ነው» ይባላል እንዴ?

ማህደር፦ ትናንት ለስፓኒሽ ጀማሪዎች «ለተስፋ ኤስፔራንሳን ያወቀ፣ ሌላው ጌጥ ነው» የተባለው በጣም አናዶኛል። ጌጡ የትኛው ነው? «ሜ አሴ ኢሉሲዮን ቤርቴ» ያለ ሰው ላገኝህ ነው ብሎ ልቡ ሞቋል። እዚያ ላይ ኤስፔራንሳ ብትከቱበት ጭንቅ ውስጥ ያለ ሰው ንግግር ይሆናል።

ዳዊት፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። ጀማሪ ኤስፔራርን ይያዝ። መጠበቁም፣ ተስፋ ማድረጉም፣ ይሆናል ብሎ ማሰቡም በዚሁ ግስ ነው። ኢሉሲዮንን መዝገበ ቃላት ላይ ሲፈልግ «ቅዠት» የሚል አግኝቶ ግራ ይጋባል።

ማህደር፦ ስህተቱ የሚፈላውማ እዚያው ኤስፔራር ላይ ነው! «ኤስፔሮ ኬ ቤንጋስ» ትመጣለህ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ ነው። «ኤስፔሮ አ ኬ ቤንጋስ» ሲሆን እስክትመጣ እጠብቃለሁ ሆነ። የኛ «እጠብቃለሁ» ለሁለቱም ስለሚሆን «አ»ዋ ትረሳለች። ሰው ስትጠብቅም «ኤስፔሮ አ ማሪያ» ነው፤ አውቶቡስ ከሆነ ግን «ኤስፔሮ ኤል አውቶቡስ»፣ ያለ «አ»።

ሐና፦ ከ«አ»ዋ የባሰው «ኤስፔሮ ኬ ቢዬኔስ» ነው። ተስፋ ሲሆን ሱብሁንቲቦ፣ ምኞትና ጥርጣሬ የሚነገርበት የግስ ቅርጽ፣ ይከተለዋል፤ «ቤንጋስ» እንጂ «ቢዬኔስ» አይሆንም፤ አለቀ።

ዳዊት፦ አላለቀም። በወደፊት ጊዜ «ኤስፔሮ ኬ ቤንድራስ»ም ይባላል፤ ተናጋሪው እንደሚመጣ ሲተማመን።

ሐና፦ ይባላል። ግን «ጀማሪ» ያልከው አንተ ነህ፤ ለጀማሪ ይሄን ትሰጣለህ?

ኢብራሂም፦ ኦሃላን ማንም አላነሳም! ከአንዳሉስ አረብኛ የመጣ ነው፣ «አላህ ከፈቀደ» ከሚለው። «ኦሃላ ቤንጋ» ካልክ ሊመጣ ይችላል፣ ያምጣው ነው። «ኦሃላ ቢኒዬራ» ምነው በመጣ፣ መምጣቱ ያጠራጥራል። «ኦሃላ ኡቢዬራ ቤኒዶ» ምነው መጥቶ በነበር፣ ቀርቷል። አማርኛችን ልክክ ይልለታል። ይሄም ጌጥ ነው?

ዳዊት፦ ኦሃላን ተቀብያለሁ። ኢሉሲዮንን ግን አልቀበልም። «ሜ አሴ ኢሉሲዮን» በዋናነት የስፔን አነጋገር ነው። ሜክሲኮ የሚሄድ ሰው «ቴንጎ ሙቻስ ጋናስ ዴ ቤርቴ» ይበል፣ ይበቃዋል።

ማህደር፦ ጋናስ ፍላጎት ነው፤ መብላትም መተኛትም ጋናስ አለው። ስፔን ውስጥ ጃንዋሪ 5 ማታ ልጆች ጫማቸውን አስቀምጠው የሦስቱን ነገሥታት (የሰብአ ሰገልን) ስጦታ እየጠበቁ እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው፣ ያ ኢሉሲዮን ነው። መጠንቀቅ ያለብን በብዙ ቁጥር ሲመጣ ነው፦ «ኖ ቴ አጋስ ኢሉሲዮኔስ» በከንቱ ተስፋ አታድርግ ማለት ነው። ይቺን ደግሞ ሜክሲኮም ይሏታል። ስለዚህ ቃሉን ከመማር አታመልጥም።

ሐና፦ ኤክስፔክታቲባስስ? ፊልሙ የተጠበቀውን ያህል አልሆነም ለማለት «ኖ ኩምፕሊዮ ላስ ኤክስፔክታቲባስ» ነው። በኤስፔራንሳስ ተካውና ስማው፤ ሌላ ነገር ነው የሚሆነው።

ዳዊት፦ የስፔን ስታቲስቲክስ ተቋም አማካይ የዕድሜ ጣሪያን «ኤስፔራንሳ ዴ ቢዳ» ነው የሚለው። ኤስፔራንሳ ይበቃል ያልኩት ለዚህ ነው።

ሐና፦ የላቲን አሜሪካ ጋዜጦች ላይ «ኤክስፔክታቲባ ዴ ቢዳ» ታገኛለህ። ቅድም ሜክሲኮን ያመጣኸው አንተ ነህ፤ አሁን ማድሪድ ገባህ?

ዳዊት፦ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ አንዱ ስህተት ነው አላልኩም።

ማህደር፦ «ሌላው ጌጥ ነው» ብለሃል። እሱን መልስ።