ባንደሊየርን ጉልበታቸውን ከሚያማቸው እናት ጋር መጎብኘት ይቻላል?

ጠያቂ፣ ከአዘዞ

ጤና ይስጥልኝ። በመጪው ዓመት እናቴን ይዤ አሜሪካ፣ ኒው ሜክሲኮ ግዛት ወደምትኖረው እህቴ ዘንድ ለመሄድ እየተዘጋጀሁ ነው። እህቴ ልታሳየን ያሰበችው የጥንት ሰዎች የሸለቆውን ገደል ፈልፍለው የኖሩበትን ባንደሊየር የተባለ ጥብቅ ስፍራ ነው። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፤ ደልዳላ መንገድ ከሆነ ግን ቀስ እያለች በእግሯ ትሄዳለች። መሰላል መውጣት የማይችል ሰው እዚያ ምን ሊያይ ይችላል? የቦታው ከፍታስ ያስቸግራት ይሆን? ወቅቱንም ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል፤ እህቴ ልጆቿ ትምህርት የማይኖራቸውን የአሜሪካን የበጋ ወራት፣ ማለትም የእኛን ክረምት መርጣለች።

መልስ፣ ከሳንታ ፌ (የጎንደር ልጅ)

እንኳን ደህና መጣችሁ ለማለት ያብቃን። ስለ ከፍታው አይስጉ፤ የሸለቆው ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ያህል ሲሆን ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናትና፣ እናትዎ የሚወርዱት ከለመዱት ዝቅ ወዳለ ቦታ ነው። ይልቅስ አየሩ በጣም ደረቅ፣ ፀሐዩም ኃይለኛ ስለሆነ ውኃና ባርኔጣ አይለዩአቸው።

ዋናው የእግር መንገድ ከጎብኚዎች ማእከል ተነሥቶ ወደዚያው የሚመለስ ሲሆን ርዝመቱ ከ2 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። የመጀመሪያው ክፍል ደልዳላ ስለሆነ እናትዎ ትልቁን ኪቫ፣ ማለትም ለሥርዓተ አምልኮና ለስብሰባ ከመሬት በታች የታነጸውን ክብ አዳራሽ፣ እንዲሁም በቀለበት ቅርጽ ተሠርቶ 400 ያህል ክፍሎች የነበሩትን ቱዮኒ የተባለ መንደር ያለ መሰላል ያያሉ። ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ ገደሉን ተጠግቶ በጠባብ የድንጋይ ደረጃ ይወጣል። እርስዎና ልጆቹ ወደ ላይ ስትሄዱ እናትዎና እህትዎ በመጡበት መመለስ ይችላሉ፤ ምንም የሚቀርባቸው ትልቅ ነገር የለም፣ ምክንያቱም የገደሉ ሙሉ ገጽታ የሚታየው ከታች ነው።

ከላይ ከደረሳችሁ በገደሉ ላይ በረድፍ የተደረደሩትን ትንንሽ ክብ ቀዳዳዎች ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። የጣሪያ ወራጆች ጫፍ የሚሰካባቸው ነበሩ። ሰዎቹ የኖሩት በዋሻ ብቻ አልነበረም፤ ከገደሉ ፊት ለፊት የድንጋይ ቤት ሠርተው ፍልፍሉን እንደ ጓዳ ይጠቀሙበት ነበር፤ አንድ የቀዳዳ ረድፍ ከሌላው በላይ ካያችሁ ፎቅ እንደነበረ ታውቃላችሁ።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት በኋላ እንደ ጎንደር ክረምት መብረቅና ዶፍ አለ። ለእኔ መስከረምና ጥቅምት ይበልጣሉ። በበጋቸው መምጣታችሁ የግድ ከሆነ ግን ማለዳ ድረሱ፤ በእነዚያ ወራት በቀኑ መካከለኛ ሰዓታት የግል መኪና የማይገባበት ጊዜ ስላለ፣ ዋይት ሮክ ከተማ ላይ መኪናችሁን አቁማችሁ በማመላለሻ አውቶቡስ መግባት ሊኖርባችሁ ይችላል።

መልስ፣ ከማራኪ (የጂኦሎጂ መምህር)

የድንጋዩን ነገር ልጨምር፤ የጥንቃቄው ምክንያት ያለው እዚያ ነውና። ከ1.6 እና ከ1.2 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የሄሜዝ እሳተ ገሞራ ሁለት ጊዜ በኃይል ፈንድቶ አካባቢውን በትኩስ አመድ ሸፈነው፤ ያ አመድ ረግቶ ቱፍ የተባለ ለስላሳ ድንጋይ ሆነ። ነፋስና ውኃ በቀላሉ ይቦረቡሩታል፤ ሰዎቹም የተፈጥሮ ጉድጓዶቹን በጠንካራ ድንጋይ እየፈለፈሉ አሰፏቸው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት አብዛኞቹ ከላይ ወደ ታች ሲፈለፈሉ እነዚህ የተሠሩት ከጎን ወደ ውስጥ ነው። ጣሪያው እንዳይፈረፈር በጭስ አጥቁረውታል፣ የግድግዳውን የታችኛውን ክፍል ደግሞ በጭቃ ለስነውታል። ጥቁሩን ጥላሸት ዛሬም ታዩታላችሁ፤ በጣት ቢፈቀፍቁት ግን ተመልሶ አይተካምና ልጆቹን ከመግባታቸው በፊት ምከሯቸው።

እ.ኤ.አ. በ2011 የላስ ኮንቻስ ሰደድ እሳት ከጥብቅ ስፍራው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን አቃጥሎ ነበር። ዕፅዋት የተራቆተ ተዳፋት ውኃ ስለማይዝ ከዚያ በኋላ በሸለቆው ደራሽ ጎርፍ ደርሷል፤ ስለዚህ ጠባቂዎቹ ስለ ዝናብ የሚሰጡትን ማስጠንቀቂያ አክብሩ።

መልስ፣ ከፒያሳ (አስጎብኚ)

በሙያዬ ምክንያት አንድ ነገር በብርቱ ልናገር እወዳለሁ። እባካችሁ ለልጆቹ «እዚህ የኖሩት ሰዎች ጠፍተዋል» አትበሏቸው። ፑዌብሎ የተባሉት የአካባቢው ነባር ሕዝቦች አባቶች እ.ኤ.አ. ከ1150 እስከ 1550 ገደማ በቆሎ፣ ባቄላና ዱባ እያመረቱ እዚያ ከኖሩ በኋላ፣ ድርቅ ሲበረታና መሬቱ ሲደክም ወደ ሪዮ ግራንዴ ወንዝ ዳር ወርደዋል፤ ልጆቻቸው ዛሬም ኮቺቲንና ሳን ኢልዴፎንሶን በመሳሰሉ መንደሮች ይኖራሉ፣ ሸለቆውንም የአባቶቻችን ቤት ይሉታል። ስፍራው እ.ኤ.አ. በ1916 በፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ሲከለል የተሰየመው በተመራማሪው በአዶልፍ ባንደሊየር ስም ነው፤ ባንደሊየርን በ1880 ወደ ሸለቆው መርቶ ያስገባው ግን ሆሴ ሞንቶያ የተባለ የኮቺቲ ሰው ነበር። መንገድ መሪው ከታሪኩ እንዳይቀር እኔ የእሱንም ስም ለልጆቹ እነግራቸው ነበር።

ጠያቂ፣ ከአዘዞ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴም መልሳችሁን ሳነብላት ደስ አላት። የሚቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ከፍ ብሎ ወደሚገኘው ትልቅ ዋሻ ልጆቹን ማውጣት ይቻላል?

መልስ፣ ከሳንታ ፌ (የጎንደር ልጅ)

አልኮቭ ሃውስ የሚባለው ነው። ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ 800 ሜትር ያህል ያስኬዳል፤ ከሸለቆው ወለል 43 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል በአራት ረጃጅም የእንጨት መሰላሎችና በድንጋይ ደረጃ ይወጣል። አንዳንድ ሰው መውጣቱ ሳይከብደው መውረዱ ያስፈራዋልና፣ መጀመሪያ በዋናው መንገድ ላይ ባሉት አጫጭር መሰላሎች ሞክሯቸው። እዚያ ከደነገጡ አልኮቭን ተዉት። ካልደነገጡ ግን በእጃቸው ምንም ሳይዙ፣ ከእያንዳንዱ ልጅ በታች አንድ አዋቂ ተከትሎ ይውጡ፤ ከላይ የሚወርድ ሰው ካለም እስኪጨርስ ከመሰላሉ ሥር ጠብቁ።