የማይሰረዙ ፋይሎችን ስለ ማስወገድ፦ ለእድሩ ሥራ አመራር የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ በስብሰባችን በተወሰነው መሠረት በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ያረጁና የተደጋገሙ ፋይሎችን ማጽዳት ጀምሬ ነበር። ይሁን እንጂ «መዋጮ 2013 ቅጂ» የተባለውን የኤክሴል ፋይል ልሰርዝ ባልሁ ቁጥር በሌላ ፕሮግራም ስለ ተከፈተ አይሰረዝም የሚል መልእክት ይወጣል፤ እኔ ግን ኤክሴልን ከዘጋሁ ሰዓታት አልፈዋል። ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ነው የሚባል ፕሮግራም ከኢንተርኔት አውርጄ ልጫን ወይስ አይገባም? አስተያየታችሁን ሰብስቤ በጽሑፍ አቀርባለሁ።

በኮምፒውተር ጥገና የሚሠሩ አባል፦
እባክዎ አይጫኑት፤ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ያልፈለግነውን ነገር አስከትለው መግባታቸው የተለመደ ነው። ዊንዶውስ ይህን መልእክት የሚያወጣው ፋይሉን የያዘ ሌላ ፕሮግራም ገና ስላልለቀቀው ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የያዘውን ፕሮግራም እንፈልግ። የትኛው ፕሮግራም ምን እንደሚጠቀም የሚያሳየውን የዊንዶውስ መሣሪያ፣ ሪሶርስ ሞኒተርን ከፍተው፣ ሲፒዩ በሚለው ገጽ ባለው መፈለጊያ የፋይሉን ስም ቢጽፉ የያዘው ፕሮግራም ይታያል። ፎልደሩ ለሌሎች ኮምፒውተሮች የተጋራ ከሆነ ደግሞ ፋይሉን የከፈተው ከዚያው ክፍል ውጭ ያለ ሌላ ኮምፒውተር ሊሆን ይችላል።

ገንዘብ ያዥ፦
ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ፋይሉ በእኔ ኮምፒውተር ላይ ከጠዋት ጀምሮ ተከፍቶ ነበር፤ አሁን ዘግቼዋለሁ። ከጎኑ ግን ደብዘዝ ብሎ የሚታይ፣ ስሙ በሞገድ መስመርና በዶላር ምልክት የሚጀምር ትንሽ ፋይል አለ፤ ማክሰኞ መብራት ከሄደ ወዲህ አልጠፋም። ምን እናድርገው?

የጥገናው አባል፦
እሱ ፋይሉን ማን እንደ ከፈተው ለማስታወስ ኦፊስ ራሱ የሚፈጥረው ነው፤ በሥርዓት ሲዘጋ ይጠፋል፣ መብራት ድንገት ሲሄድ ግን ይቀራል። ሁላችሁም ከዘጋችሁ በኋላ ሰርዙት። እንቢ ካለ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማስነሳት፣ ያም ካልበቃ ጥቂት ፕሮግራሞች ብቻ በሚነሡበት በሴፍ ሞድ መሞከር ይበቃል። ዲስኩ ራሱ ተጎድቶ ከተጠረጠረ ግን አስቀድሞ ቅጂ ይወሰድ፤ ዲስኩን የሚያስተካክለው ፕሮግራም አንዳንዴ የተጎዳውን ፋይል ይዞ ይሄዳልና።

የኦዲት ኮሚቴ አባል፦
የተባለው ሁሉ እንዴት እንደሚሰረዝ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ማን እንደሚፈቅድ ነው። ገንዘብ ያዣችን ከራሳቸው ኮምፒውተር በኔትወርክ ገብተው ቢሰርዙት ፋይሉ የተሰረዙ ፋይሎች የሚቆዩበት ሪሳይክል ቢን ሳይደርስ በቀጥታ ይጠፋል፤ ፍላሽም ላይ እንዲሁ ነው። «ቅጂ» ስለ ተባለ ብቻ ቅጂ ነው ብሎ ማመንም አይገባም። ዋናው ላይ ያልገባ የአንድ ሟች ቤተሰብ ክፍያ እዚያ ተመዝግቦ ቢገኝ ምን እንላለን? ሁለቱ ጎን ለጎን ተከፍተው የመጨረሻው ረድፍ ይነጻጸር።

ገንዘብ ያዥ፦
በዚህ እስማማለሁ። ትናንት ሳነጻጽር ዋናው ላይ የሌሉ ሁለት የሐምሌ ክፍያዎች ቅጂው ላይ አግኝቻለሁ፤ ስለዚህ ለጊዜው አይሰረዝ።

ጸሐፊ፦
እንግዲያው የሐሳቡን ጽሑፍ እንዲህ አርሜዋለሁ፦ «ማንኛውም የሒሳብ ፋይል የሚሰረዘው ገንዘብ ያዥና የኦዲት ኮሚቴው በጽሑፍ ሲፈቅዱ፣ ቅጂው በውጭ ዲስክ ከተቀመጠ በኋላ፣ ፎልደሩ ካለበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ይሆናል። ፋይሉ ካልተሰረዘ መጀመሪያ የያዘው ፕሮግራም ይፈለጋል፤ ዊንዶውስ ፈቃድ የለህም ብሎ ሲከለክል የፋይሉን የባለቤትነት ፈቃድ መቀየር የሚፈቀደው በእድሩ ፎልደር ውስጥ እንጂ በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ አይደለም።» የፎልደር ስሞችንም እንድናሳጥር ጨምሬበታለሁ፤ ፎልደር በፎልደር እየከተትን ሙሉ አድራሻው ከ260 ፊደል ሲያልፍ ዊንዶውስ አልሰርዝም ያለበት አጋጥሞናልና።

የኦዲት ኮሚቴ አባል፦
«በጽሑፍ» ከሚለው ቀጥሎ «ቀኑን ጠቅሰው» ይጨመርበት። የውጭ ዲስኩን ማን እንደሚይዝም አልተጻፈም።

ጸሐፊ፦
ቀኑን ጨምሬያለሁ። ዲስኩ ከእድሩ ማኅተም ጋር በአንድ ሳጥን ይቀመጥ፤ ቁልፉ ገንዘብ ያዥ ዘንድ ነው። ተቃውሞ ያለው እስከ ዓርብ ማታ ይጻፍ።