ለኮምፒውተር ክፍሌ መብራት እንዴት ላስገባ? (ደሴ)

የሰኞ ገበያ ልጅ፦
ሰላም ሰዎች። ደሴ ነው የምኖረው፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ። ከቤታችን ጀርባ ያለችውን ሰርቪስ ለሥራ እያዘጋጀኋት ነው። ዴስክቶፕ፣ ሁለት ሞኒተር፣ ሌዘር ፕሪንተርና ራውተር ይገባባታል። ያለው ሶኬት አንድ ብቻ ነው፣ መስመሩም የሚመጣው ከማድ ቤት ነው። እማዬ ምጣድ ስትሰካ አምፖሉ ይደበዝዛል፣ አንዳንዴ ኮምፒውተሩ ራሱ ጠፍቶ ይነሳል። በዚያ ላይ በባዶ እግሬ ሆኜ የኮምፒውተሩን ብረት ስነካው ይነዝረኛል። ወፍራም ዲቫይደር ገዝቼ ከሳሎን በመስኮት ልሳበው ወይስ ሌላ መላ አለ?

ኮምቦልቼ፦
የመስኮቱን ነገር እርሺው። ዲቫይደር ለጊዜው ነው እንጂ ቋሚ መስመር አይሆንም። መስኮቱ ገመዱን እየነከሰ ይልጠዋል፣ የደሴን ክረምት ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየውን) ግን ግዢ። ኮምፒውተሩን፣ ሞኒተሮቹንና ራውተሩን ብቻ ስኪበት። ሌዘር ፕሪንተር ሲሞቅ ብዙ ስለሚስብ ለብቻው ግድግዳ ላይ ይሰካ።

ሽቦና ፒንሳ፦
አብሽሪ እህቴ፣ ይስተካከላል። ግን ዩፒኤሱ ይቆይ፣ መጀመሪያ መንዘሩ ይታይ። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ከሁለቱም መስመር፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ከሚያመጣው ፌዝና ከሚመልሰው ኒውትራል፣ ወደ ብረቱ የተያያዙ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ። ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ) ካለ በእነሱ በኩል የምታልፈው ጥቂት ከረንት ወደ መሬት ትወርዳለች፤ ከሌለ ብረቱ ላይ የ220ው ግማሽ፣ 110 ቮልት ገደማ ይቀመጣል። አሁን የሚነዝርሽ ያ ነው። የሚያስፈራው ሌላ ነው፦ አንድ ቀን ፌዙ ራሱ ከብረቱ ጋር ቢነካካ ብሬከሩ አይወርድም፣ ብረቱም እንደዚያው ሆኖ ሰው ይጠብቃል።

ሂሳቡን እዪው። ኮምፒውተርሽና ሞኒተሮቹ 400 ዋት ቢስቡ 2 አምፔር አይሞላም። ምጣዱ 3,500 ዋት ከሆነ ብቻውን 16 አምፔር ነው። ስለዚህ ገመድ ማወፈሩ ትርጉም የለውም፣ ከምጣዱ መለየት ነው ያለብሽ። ከዋናው ቦርድ የራሱ መስመር ይውጣለት፦ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ኧርዙን ጨምሮ ሦስት፣ በኮንዲዩት (በሽቦ ቱቦ) ውስጥ፣ 16 አምፔር ብሬከር፣ ከፊቱ 30 ሚሊ አምፔር ኧርዝ ሊኬጅ (ከረንት ወደ መሬት ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጥ)። ብሬከሩ ቶሎ ቶሎ ወረደ ብሎ በ32 የሚቀይርልሽ ባለሙያ ከመጣ አሰናብቺው። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፣ 32 ሲሆን ሽቦው ግድግዳ ውስጥ እየጋለ ዝም ይላል።

የሰኞ ገበያ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቤታችን ግን ኧርዝ ጭራሽ የለውም። ጎረቤታችን የግቢው ቧንቧ ላይ እሰሩት አሉን፣ ሌላ ሰው ደግሞ ሶኬቱ ውስጥ ከኒውትራል ጋር ማገናኘት ይበቃል ብሎናል።

ሽቦና ፒንሳ፦
ሁለቱም አይሆንም! ኒውትራሉ የተቋረጠ ቀን ኮምፒውተርሽ ብረት ላይ ሙሉ 220 ይመጣል። ቧንቧውም መሃል ላይ ፕላስቲክ ከሆነ መሬት አይደርስም፣ ያኔ የሚነዝረው ልብስ የሚያጥበውን ሰው ነው። የመዳብ ዘንግ ግዙ፣ እርጥበት የማያጣው ጥግ ላይ በደንብ ይቀበር፣ ባለሙያው ኧርዙን በሜትር ለክቶ ያሳያችሁ። በቴስተር አይታወቅም፣ ቴስተር ፌዝ ብቻ ነው የሚያሳየው። ዘንጉ ብቻውን ደግሞ ብሬከር ላያስወርድ ይችላል፣ ኧርዝ ሊኬጁን የግድ ያልኩት ለዚህ ነው።

እስከዚያው እናትሽ ሲጋግሩ ኮምፒውተሩን ንቀይው። መብራት ሄዶ ሲመጣም ወዲያው አትሰኪ፣ ትንሽ ይረጋጋ።