የእጅ ቪዲዮ ካሜራ ያላችሁ፣ እስቲ ጥሩውንም መጥፎውንም ንገሩኝ

የኮተቤዋ፦

ሰላም ቤተሰቦች። አንድ ያገለገለ የእጅ ቪዲዮ ካሜራ ልገዛ እያሰብኩ ነው። ሻጩ ከአሜሪካ ይዞት የመጣ ነው። ሜሞሪ ካርድ ይወስዳል፣ ፉል ኤችዲ ነው፣ ዙሙ 30 እጥፍ ያቀርባል። በጣም ቀላል ነው፣ መዳፍ ውስጥ ቁጭ ይላል። የማይክ መሰኪያ ግን የለውም።

የምፈልገው ለሁለት ነገር ነው። ጥር ላይ ወንድሜ ያገባል። ለሰርጉ ባለሙያ ይዘናል። እኔ ግን የቤቱን ሽር ጉድ፣ ሽንኩርት ከሚከተፍበት ሌሊት ጀምሮ መቅረጽ እፈልጋለሁ። ሁለተኛው ይበልጥብኛል። አያቴ ያለችው ደብረ ብርሃን አቅራቢያ ገጠር ነው። ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ትዝታዋ ግን አንድም አልጎደለም። የዘር ሐረጉን፣ የልጅነቷን ዘመን፣ እንዴት እንደተዳረች ስታወራ ማስቀረት እፈልጋለሁ።

ጓደኞቼ "በስልክሽ ቅረጪ፣ በዚህ ዘመን ማን ካሜራ ይገዛል" ይሉኛል። ገዝቶ የተጠቀመበት ሰው ሐቁን ይንገረኝ።

የደሴው፦

እህቴ፣ እንዳንቺው ያለ ካሜራ ስምንት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ። ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ ዛሬም ይሠራል። የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ የምወድለትን። ይሄ ዕቃ የተሠራው ለመቅረጽ ብቻ ነው። ስክሪኑን ስትከፍቺ ይነሳል። አውራ ጣትሽ ቀዩ ቁልፍ ላይ ያርፋል፣ ሌባ ጣትሽ ዙሙ ላይ። ማሰሪያው እጅሽን ስለሚይዘው ብዙ ብትቆሚም አይከብድሽም። ስልክ ዘርግተሽ አስር ደቂቃ ቁሚና ክንድሽን ጠይቂው። ደግሞ መሀል ላይ ማንም አይደውልበትም።

ሌላው ሳያቋርጥ መቅረጹ ነው። ብዙ የፎቶ ካሜራዎች ለዓመታት ቪዲዮ ሲቀርጹ 29 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ላይ ያቆሙ ነበር። ምክንያቱ የአውሮፓ ቀረጥ ነበር። 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ በአንድ ጊዜ የሚቀርጽ ሁሉ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ይቀረጥ ስለነበር፣ አምራቾቹ አንድ ሴኮንድ ሲቀረው እንዲቆም አደረጉት። የኛ ዓይነቱ ካርዱና ባትሪው እስኪያልቅ ይሄዳል። የእህቴን ተክሊል ማቆሚያ ላይ አድርጌው፣ ሥርዓቱ እስኪያልቅ አልነካሁትም።

ዙሙም እውነተኛ ነው። የሚያቀርበው ሌንሱ ራሱ ነው። ስልክ ግን ከተወሰነ ርቀት በኋላ ምስሉን ቆርጦ ነው የሚያሳድገው። አንድ ዓመት ለጥምቀት አዲስ አበባ መጥቼ ጃንሜዳ ከሕዝቡ ኋላ ቆሜ ነበር። ዛፍ ተደግፌ ዙሙን ገፋሁት። የካህናቱ ጸናጽል፣ የመቋሚያው ጫፍ፣ የአንድ አዛውንት መሪጌታ ላብ ሳይቀር ገባልኝ። ዛሬም ሳየው ደስ ይለኛል። ሳትደገፊ ግን እንዳትሞክሪው፣ እዚያ ርቀት ላይ ትንፋሽሽ እንኳን ያወዛውዘዋል።

አሁን ድክመቱ። ጨለማ ላይ ደካማ ነው። በዚህ ዓይነት ካሜራ ውስጥ ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰር ከምስር ክክ አይበልጥም። በዚያ ላይ ዙም በገፋሽ ቁጥር የሚገባው ብርሃን ይቀንሳል። የሌንስ ቀዳዳ በቁጥር ይለካል፣ ቁጥሩ ሲበዛ ብርሃኑ ያንሳል። የኔ ሌንስ ዙም ሳይደረግ 1.8 ነው፣ የዙሙ ጫፍ ላይ 4 ይሆናል። ብርሃኑ ወደ አንድ አምስተኛ ወረደ ማለት ነው። ማታ ሳሎን ውስጥ ከሩቅ ዙም አድርገሽ ከቀረጽሽ ምስሉ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል። እዚህ ላይ ጓደኞችሽ ልክ ናቸው። ደህና አዲስ ስልክ ማታ ይበልጠዋል። የሽንኩርቱን ሌሊት በስልክሽ ቅረጪው፣ ወይም ጥሩ አምፖል አብሪበት።

ነጭ ልብስም ያታልለዋል። አያትሽ ነጠላቸውን ተከናንበው ሲቀመጡ ካሜራው ያን ሁሉ ነጭ አይቶ ብርሃን የበዛ ይመስለዋል። ያጨልመዋል። ነጠላው ያምራል፣ ፊታቸው ግን ይጠቁራል። ሜኑው ውስጥ ኤክስፖዠር የሚል ታገኛለሽ። ፊታቸው እስኪታይ ከፍ አድርጊው፣ ነጠላው ትንሽ ቢነጣ ግድ የለም። ነጠላው ጥቅምም አለው። የቤቱ ቀለም ቢጫ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ካስቸገረሽ፣ ነጠላውን ስክሪኑ ሙሉ አሳይተሽ ዋይት ባላንሱን፣ ማለት የቀለም ማስተካከያውን፣ በእሱ አስተካክይ። ሰርግ ድንኳን ውስጥ ይሄ ብዙ ጊዜ አድኖኛል።

ድምፁ ላይ ግን ረጋ ብዬ ልንገርሽ፣ የኔ ቁጭት እዚያ ነውና።

2010 ዓ.ም. ላይ አባቴን ቁጭ አድርጌ ስለ አባቱና ስለ አያቱ ጠየቅኩት። ካሜራውን ሳሎኑ ጥግ፣ ከእሱ አራት ሜትር ያህል ርቀት ላይ አቆምኩት። ፊት ለፊቱ ከሆነ ይጨነቃል ብዬ ነው። ከዚያ ዙም አደረግኩ። ምስሉ ቀረበ፣ ድምፁ ግን ባለበት ቀረ። ማይኩ ያለው ካሜራው ላይ ነው፣ ካሜራው ደግሞ ከጓዳው በር አጠገብ ነበር። ጓዳ ውስጥ ቡና ይወቀጣል። መብራት ጠፍቶ ስለነበር የጎረቤት ጀነሬተርም ይጮሃል። ካሜራው የድምፁን መጠን በራሱ ነው የሚያስተካክለው። አባቴ ለማሰብ ዝም ሲል ጀነሬተሩን ከፍ ያደርገዋል። ሲናገር ደግሞ መልሶ ዝቅ ያደርጋል። የቅድመ አያቴን ስም ሲጠራ ሙቀጫው ሁለት ጊዜ መታ። ያንን ስም እስከ ዛሬ አላወቅኩትም። አባቴ በዓመቱ አረፈ። ስሙን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለንም።

ስለዚህ ማይክ መሰኪያ የለውም ያልሽው ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ለአንቺ ጉዳይ መፍትሔ አለው። ስልክሽን ከኔትወርክ አውጪው፣ የድምፅ መቅጃውን ክፈቺና ጭናቸው ላይ አድርጊው። ነጠላቸው እንዳይሸፍነው። ሁለቱም መቅረጽ ከጀመሩ በኋላ ካሜራው ፊት አንዴ አጨብጭቢ። በኋላ ኮምፒውተር ላይ የጭብጨባውን ድምፅ ከእጅሽ ጋር ስታገጣጥሚው ልክ ይመጣል። ካሜራውን ደግሞ ከአንድ ሜትር ተኩል አታርቂው። የሚቀረው ዋጋው ነው። ካነሰልሽ ግዢው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

የደሴው ወንድሜ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። ልቤን ነካኸው።

እህቴ፣ ከአሜሪካ የመጣ ነው ያልሽው ላይ ልጨምር። እኔም ከዚህ ገዝቼ ወደ አገር ቤት ይዤ ሄጄ ነው የተማርኩት። እዚህ የሚሸጡት ብዙዎቹ በሴኮንድ 60 ምስል ነው የሚቀርጹት። የኢትዮጵያ መብራት ደግሞ 50 ኸርዝ ነው፣ ማለት በሴኮንድ 50 ዙር። በአንዱ ዙር ሁለቴ ስለሚደምቅ፣ የፍሎረሰንት መብራት በሴኮንድ 100 ጊዜ ይበራል ይደበዝዛል። ዓይን አያየውም። በአንድ ስልሳኛ ሴኮንድ የሚቀርጽ ካሜራ ግን ያየዋል፣ ምስሉም ይርገበገባል። የአክስቴን ቤት ሙሉ ቀን ቀርጬ የተመለከትኩት እዚህ ከተመለስኩ በኋላ ነበር። ግማሹ ይንቀጠቀጣል።

መፍትሔው ሹተሩን፣ ማለት ካሜራው ለአንድ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ የሴኮንድ አንድ መቶኛ ላይ ማድረግ ነው። ከመብራቱ ጋር እኩል ይሄዳል። ችግሩ፣ ርካሾቹ ላይ ሹተር በእጅ ላይቀየር ይችላል። ከመግዛትሽ በፊት ሜኑውን ግቢበት። ከሌለው የመስኮት ብርሃን ተጠቀሚ፣ ፀሐይ አትርገበገብም።

ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውንም አንብቢ። "100-240" ካለ እዚያ ይሠራል። 120 ብቻ ካለ 220 ላይ እንዳትሰኪው።

ሌላው መገልበጡ ነው። ኤቪሲኤችዲ በሚባለው የፋይል ዓይነት ከቀረጽሽ ካሜራው ረጅም ቀረጻን ይቆራርጠዋል። የኔ በየ2 ጊጋባይቱ ነው የሚቆርጠው። ካርዱን ከፍተሽ ቪዲዮዎቹን አንድ በአንድ አትምረጪ። ያለውን ፎልደር በሙሉ እንዳለ ገልብጪ። አለዚያ መገጣጠሚያው ላይ ቃል ይጎድልብሻል።

በካሴቱ ጊዜ የነበረውን ሳስታውስ ግን ይሄም ቀላል ነው። ሚኒ ዲቪ የሚባለው ባለካሴት ካሜራ ነበረኝ። አንድ ሰዓት ካሴት ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ሙሉ መቀመጥ ነበር፣ ቦታውም 13 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። አሁን ካሴቶቹ አሉ፣ ካሜራውን የሚያገናኘው የፋየርዋየር መሰኪያ ያለው ኮምፒውተር ግን ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ያላችሁ ሰዎች ሳይዘገይ ገልብጡት።

ሰርግ ቀራጭ፦

ሁለት ነገር ብቻ። ካርዱን አደራ። ላዩ ላይ 64 ጊጋ ተብሎ ውስጡ 8 የሆነ ካርድ ሸጠውልኝ ያውቃሉ። ይቀርጻል፣ ይቀርጻል፣ ቤት ስትደርሺ ከ8 በኋላ ያለው አይከፈትም። አዲስ ካርድ ስትገዢ ግድግዳ ላይ አዙረሽ እስኪሞላ ቅረጪበት፣ ከዚያ መጨረሻውን ከፍተሽ እዪው። ፉል ኤችዲ በሴኮንድ 28 ሜጋቢት ከቀረጽሽ እውነተኛ 32 ጊጋ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይይዛል። ከዚያ በጣም ካነሰ ተጠራጠሪ።

ባትሪም ሁለት ያዢ። ያገለገለ ካሜራ ባትሪው ደክሞ ነው የሚመጣው። ሻጩ ፊት ሙሉ ቻርጅ አድርገሽ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ለኪ። ደብረ ብርሃን ብርድ ስለሆነ ትርፉን ባትሪ ኪስሽ ውስጥ፣ ገላሽ አጠገብ አድርጊው። በብርድ ቶሎ ይወርዳል።

የኮተቤዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ጋሼ የደሴው፣ የአባትዎን ነገር አንብቤ አለቀስኩ። ነፍሳቸውን ይማር።

ዛሬ ሻጩ ጋ ሄጄ ሞከርኩት። ሱቁ ውስጥ ፍሎረሰንት ነበር፣ የሲልቨር ስፕሪንጉ እንዳሉት ምስሉ ይርገበገባል። ሜኑው ውስጥ ሹተር የሚባል አጣሁ። ደጅ ወጥቼ ሞከርኩት፣ በጣም ጥሩ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለችውን በቆሎ ጠባሽ አቅርቤ ፍሙን ሳይቀር አየሁት። ባትሪው 35 ደቂቃ ብቻ ነው የቆየው። ይህን ሁሉ ስነግረው ሻጩ ዋጋውን ቀነሰልኝና ገዛሁት።

አያቴ ቤት መብራት የለም። ጎጆ ቤት ነው፣ መስኮቱ ትንሽ ነው። ብርሃን የሚገባው በበሩ ነው። ደጅ ላስቀምጣት ብል ደግሞ ነፋሱ አይጣል ነው። የት ላስቀምጣት?

የደሴው፦

እንኳን ደስ ያለሽ። መብራት ከሌለ የመርገብገቡ ጣጣ ቀረልሽ።

ደጅ አታውጪያቸው። ነፋስ ማይክ ላይ ሲመታ ካሜራው ሌላ ምንም አይሰማም። ቤት ውስጥ፣ ከበሩ ገባ ብሎ፣ የለመዱት መደብ ካለ እዚያው ይቀመጡ። በሩ በጎናቸው ይሁን። ብርሃኑ አንዱን ጉንጫቸውን ይነካዋል፣ ሌላው ትንሽ ይጨልማል፣ ያምራል። በሩን ከጀርባቸው እንዳታደርጊው፣ ጥላ ብቻ ነው የምትቀርጪው። አንቺ ከካሜራው አጠገብ ዝቅ ብለሽ ተቀመጪ፣ ወደ አንቺ እያዩ ያውሩ። ዙሙን አትንኪው። ብርሃኑ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ያለው ይበቃሻል።

ቡናው ቀድሞ ይፈላ፣ ተጠጥቶ ይለቅ። ሙቀጫውን ጎረቤት አስቀምጪው።

ስም ሲጠሩ አታቋርጫቸው። ዝም ሲሉም ዝም በይ። ወሬው ሲያልቅ ግን የሰዎቹንና የቦታዎቹን ስም አንድ በአንድ መልሰሽ ጠይቂያቸው፣ ድገሙልኝ በያቸው። ካሜራው የሚያውቀው የፈረንጆቹን ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ካጨበጨብሽ በኋላ ቀኑን በኛ አቆጣጠር፣ ቦታውንና የእሳቸውን ሙሉ ስም እስከ አያት ድረስ በድምፅሽ ተናገሪ።